ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት፦ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ጠዋት እንዴት ይሻላል?

አዲስ ተመልካች፦

ሰላም ለቤቱ። በጥር መጀመሪያ ሐዋሳ ላይ ሁለት ጠዋት ይኖረናል፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ9 ዓመት ሴት ልጃችን። ወፍ መመልከት ለሦስታችንም አዲስ ነው። ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን በሐይቁ ዳር ዳሩን አሞራ ገደል ደን ድረስ በእግር ለመሄድ አስበናል። በስንት ሰዓት እንውጣ? ባይኖኩላር ልንገዛ ሱቅ ገብተን አንዱ «30 በ60» የሚል የኪስ ዓይነት፣ ሌላው «8 በ42» የሚል ከበድ ያለ አሳዩን፤ ሻጩ «30ው ይበልጣል» ይላል። እውነት ነው? ደግሞ ስለ ጉማሬውና ስለ ጦጣዎቹ ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው መጠንቀቅ ያለበትን ብትነግሩን።

ፊላ ዳር፦

እንኳን ደህና መጣችሁ። ወሩን ጥሩ መርጣችኋል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት አገራችን ስለሚቆዩ ጥር ላይ ነባሩም እንግዳውም አንድ ላይ ይገኛል።

ከሁሉም በፊት ብርሃኑን አስቡ። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ የወፉ ቀለም ፍንትው ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዶ ትዞርና ውሃው ያንጸባርቃል፤ ያኔ የምታዩት የወፉን ጥላ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ሐዋሳ ሄጄ ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው» የሚለው በ10 ሰዓት ስለሚወጣ ነው። በጥር መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12፡45 ገደማ ነው። 12፡30 ላይ መንገዱ ላይ ሁኑ። እስከ 3፡30 ያለው ጊዜ የቀኑ ምርጥ ነው፤ ከዚያ ትንንሾቹ ወፎች ሙቀት ሸሽተው ቅጠል ውስጥ ይገባሉ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ፊላው (ውሃው ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) ሁሉ ስለሚወዛወዝ በውስጡ የሚንቀሳቀሰውን መለየት ያስቸግራል።

መንገዱን ሳትቆሙ ብትሄዱት አንድ ሰዓት አይሞላም። እናንተ ግን ሦስት ሰዓት ስጡት። ፊላው የተከፈተበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጀልባ የሚገባበት ወይም ከብት ውሃ የሚጠጣበት ክፍተት ማለት ነው። እዚያ ስትደርሱ ከውሃው ጠርዝ 5 ወይም 6 ሜትር ወደኋላ፣ ከጀርባችሁ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ እንዲኖር አድርጋችሁ ተቀመጡ። ሰማይን ጀርባ አድርጎ የቆመ ሰው ለወፍ ከሩቅ ይታያል፤ የተቀመጠና ከጀርባው ጥላ ያለው ግን ቶሎ ይረሳል። 15 ደቂቃ ጠብቁ። ስትመጡ ሁሉም ስለሚደበቅ የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ባዶ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሰባተኛው ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከፊላው ሥር ጠቆር ያለች፣ ምንቃሯ ቢጫ፣ እግሯ ቀይ የሆነ ትንሽ ዶሮ መሳይ ወፍ አንገቷን አስግጋ ብቅ ትላለች። ክሬክ ትባላለች። እሷ ወጣች ማለት ሌሎቹም ተረጋግተዋል ማለት ነው። አሥር ቦታ ቆም ቆም እያሉ ከመሄድ አራት ቦታ መቀመጥ በእጅጉ ይበልጣል።

ነጭ ነጠላና ነጭ ኮፍያ እቤት ይቅር። አረንጓዴ፣ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ልብስ ልበሱ።

ባለ ሌንስ፦

ስለ ባይኖኩላሩ እኔ ልመልስ። «30 በ60» የሚለውን አትግዙ። ማስመሪያ ይዛችሁ ሱቁ ተመለሱ። ሁለተኛው ቁጥር የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 60 ከተባለ እያንዳንዱ የፊት መስታወት 6 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የኪስ ከሆነ ሲለካ ከ3 ሴንቲሜትር አያልፍም። ሁለተኛው ቁጥር ውሸት ከሆነ የመጀመሪያውም አይታመንም። ደግሞም በእውነት 30 እጥፍ የሚያጎላ ቢሆን ኖሮ ያለ ማቆሚያ እግር በእጅ ይዞ ማየት አይቻልም፤ የእጅን መንቀጥቀጥም 30 እጥፍ ያጎላዋል።

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ስታካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊሜትር ከሩብ ነው። «8 በ25» ላይ ግን 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ልዩነቱ አይታወቃችሁም፤ ጠዋት 12፡30 ላይ ዛፍ ሥር ሆናችሁ ስታዩ ግን አንዱ ቀለም ያሳያል፣ ሌላው ድንግዝግዝ ነው። 10 በ50ም ለጀማሪ አይመችም፦ ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየው ስፋት ጠባብ ስለሆነ የሚበር ወፍ ታጡበታላችሁ።

ብዙ ሰው ጥሩ ዕቃ ገዝቶ «ያደበዝዛል» የሚለው ስላላስተካከለው ነው። መጀመሪያ ሁለቱን በርሜሎች እጠፉ ዘርጉ እያላችሁ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ አስተካክሉ። ከዚያ 20 ሜትር ገደማ የሚርቅ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ታፔላ፣ ምረጡ። የቀኙን የፊት መስታወት በእጅ ሸፍናችሁ፣ ሁለቱንም ዓይን ክፍት አድርጋችሁ፣ የመሐሉን ጎማ በማዞር በግራ ዓይን ጽሑፉን አጥሩት። ቀጥሎ የግራውን ሸፍናችሁ የመሐሉን ጎማ ሳትነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ትንሹን ቀለበት በማዞር አጥሩ። ቀለበቱን እዚያው ተዉት፤ ከዚህ በኋላ የምታዞሩት የመሐሉን ብቻ ነው። ቀለበቱ ላላ ካለ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ቦርሳ ውስጥ እየተሽከረከረ ጠዋቱን ሙሉ ዓይን ያሳምማል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ዓይን የሚያርፍባቸውን የላስቲክ ጠርዞች ወደ ውስጥ መልሷቸው፤ የማታደርጉ ከሆነ አውጧቸው።

ለልጅቷ ሌላ ችግር አለ። የልጅ ዓይኖች ይቀራረባሉ፤ አንዳንድ ባይኖኩላር እስከመጨረሻ ቢታጠፍም ለእሷ አይጠብም፣ በአንድ ዓይን ብቻ ታያለች። ስትገዙ እሷንም ይዛችሁ ሂዱና «ስንት ክብ ይታይሻል?» በሏት። አንድ ካለች ይሆናታል። ለእሷ ቀለል ያለ 8 በ30 ወይም 6 በ30 ይመቻታል። አጠቃቀሙን ስታስተምሯት ደግሞ በባይኖኩላር ወፍ እንዳትፈልግ ንገሯት። ወፉን በባዶ ዓይን ታግኘው፣ ዓይኗን ከወፉ ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ፊቷ ታምጣው። ይሄን ወፍ በሌለበት፣ ግድግዳ ላይ ባለ ሰዓት ወይም ምሰሶ ላይ ባለ አምፖል አሥር ጊዜ ብትለማመደው ሐይቁ ዳር አታለቅስም።

ሾላ ሥር፦

በፊላ ዳር ምክር ሁሉ እስማማለሁ፤ በመነሻው ላይ ግን አይደለም። እኔ ከአሞራ ገደል ጀምሩ እላለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ከሐይቁ የሚመለሱት ጠዋት ነው፤ ዓሣው ሲገፈፍና ሲጸዳ ትርፍራፊው ስለሚጣል አባ ኮዳዎቹ (አንገታቸው ላይ ከረጢት የሚንጠለጠልባቸው ትልልቅ ወፎች)፣ ፔሊካኖቹና ሌሎቹ እግር ሥር ይሰበሰባሉ። ከ3 ሰዓት በኋላ ደርሳችሁ ግን የምታገኙት ሰው፣ ዓሣ ጥብስና ጠግበው የቆሙ አባ ኮዳዎችን ነው።

ደኑ ውስጥ ስትገቡ ቀና ከማለታችሁ በፊት መሬቱን እዩ። ትልልቆቹ የሾላ ዛፎች ሁሉም በአንድ ጊዜ አያፈሩም። ሥሩ ንጹሕ የሆነውን እለፉት። ገና ውስጡ ያልደረቀ፣ ግማሹ ተነክሶ የወደቀ ፍሬ የበዛበት ዛፍ ሥር ስትደርሱ ቁሙ፤ ከላይ በላተኛ አለ። ያ በላተኛ ጉሬዛ ሊሆን ይችላል፣ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቆብ የደፋው ሆርንቢልም ሊሆን ይችላል፣ ጥቁር ክንፍ ያለው በቀቀንም ሊሆን ይችላል። በቀቀኑ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ የእኛው ወፍ ነው። ሲቀመጥ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታይ ቅጠል ውስጥ አይለይም፤ ድምፁን ተከተሉና ግንባሩ ቀይ የሆነውን ፈልጉ። እሱ ወንዱ ነው፣ ሴቷ ግንባሯም አረንጓዴ ነው።

ግንዱን ከሥር ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ መቃኘትም ልማድ ይሁን፤ ግንደ ቆርቁር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው። ደግሞ አባ ኮዳ ከሚያድርበት ዛፍ ሥር አትቁሙ። መሬቱ በኖራ የተለሰነ ከመሰለ ዘወር በሉ።

ፊላ ዳር፦

ሾላ ሥር ያለው ትክክል ነው፤ ሁለት ጠዋት ስላላቸው ሁለቱንም ያድርጉት። የመጀመሪያውን ጠዋት ከአሞራ ገደል፣ ሁለተኛውን ከፍቅር ሐይቅ። አካባቢውን ሳይለምዱ ከሆነ መጀመሪያ ትልልቆቹን አባ ኮዳዎች ማየት ለልጅም ይቀላል፤ ፊላ ውስጥ የሚደበቀው ትዕግሥት ይፈልጋል። ለመግቢያ ዝርዝር ብር ያዙ። በሐይቁ ዳር መንገዱ የተዘጋበት ቦታ ካጋጠማችሁ በአጥር ለመዝለል አትሞክሩ፤ ወደ አስፋልቱ ወጥታችሁ ቀጣዩ መግቢያ ላይ ተመለሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባለት እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚቀንሰው በትነትና በስርገት ነው። ስለዚህ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ወደ ጎርፍ መከላከያው ግድብ ይጠጋል፣ ፊላውም አብሮ ይቀራረባል፤ በደረቅ ዓመት ደግሞ ይሸሻል። ያለፈ ዓመት ሰው «እዚህ ቁሙ» ያላችሁ ቦታ ዘንድሮ ውሃ ውስጥ ቢሆን ወይም ከውሃው ርቆ ብታገኙት አትደነቁ። ፊላውን ተከተሉ።

አዲስ ተመልካች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። 8 በ42ቱን እንገዛለን። ልጃችን የወፎቹን ስም በአማርኛ ማወቅ ትፈልጋለች፤ በርግጠኝነት የምናያቸውን ጥቂቶቹን ብትነግሩን ደብተሯ ላይ አስቀድማ ትጻፍ። አባ ኮዳው ይነክሳል?

ደብተረኛ፦

ደብተር መያዟ ደስ ይላል። በአባ ኮዳ ትጀምር። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ከግማሽ ይደርሳል፣ ከእሷ ይበልጣል ማለት ነው። ስሙን ያገኘው አንገቱ ላይ ከሚንጠለጠለው ሮዝ ከረጢት ነው፤ ኮዳ ይመስላል። ነገር ግን ከረጢቱ ምግብ አይያዝበትም፤ ከአየር መተንፈሻው ጋር የተያያዘ ነው፣ ሲነፋው ለሌሎቹ አባ ኮዳዎች ማሳያ ነው። እግሩን በደንብ ትይ። ነጭ የተቀባ ይመስላል፤ የቆዳው መልክ ግን ጠቆር ያለ ነው። በሙቀት ጊዜ በራሱ እግር ላይ ይጸዳዳል፤ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል፣ ነጩ የደረቀው ቅሪት ነው። ይነክሳል ለተባለው፣ ሰው አያባርርም፤ ግን በእጅ የተያዘ ዓሣ ለመንጠቅ ሲወረወር ምንቃሩ ጣት ሊጎዳ ይችላል። ልጅቷ ዓሣ በእጇ ይዛ እንዳታጎርሰው፤ 3 ሜትር ርቀት ይበቃል።

ዓሣ አዳኙ ንስር፦ ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ ቀይ፣ ክንፉ ጥቁር። ሲጮህ አንገቱን ወደኋላ ይጥላል፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስቱ ይቀባበላሉ። ድምፁን ስትሰሙ በውሃው ላይ አትፈልጉት፤ በሐይቁ ዳር ባለው ረጅሙ ዛፍ ጫፍ ላይ እዩ።

ዓሣ አጥማጅ ወፎች ሁለት ዓይነት በቀላሉ ይታያሉ። ጥቁርና ነጩ አየር ላይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ወደ ታች ይወረወራል። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ ነው፤ አንድ ብቻ፣ እሱም መሐሉ የተቋረጠ ከሆነ ሴት ናት። ልጆች ይሄን መለየት በጣም ይወዳሉ። ሁለተኛው ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ የሚመስል፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ ነው፤ አየር ላይ አይቆምም፤ ውሃው ላይ ዘንበል ያለ የፊላ አገዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከበረረባችሁ አትሮጡ፤ ብዙ ጊዜ ወደዚያው አገዳ ይመለሳል።

ጃካና የሚባለው በውሃ ላይ በተዘረጋ ቅጠል ላይ የሚራመደው ነው። የእግሩ ጣቶች እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱን ያሰራጩለታል። እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው፤ ክንፉ ሥር አቅፎ ሲሄድ የጫጩቶቹ እግር ከጎኑ ተንጠልጥሎ ይታያል። በቅርንጫፍ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚቆሙት ጥቁሮቹ ኮርሞራን ናቸው፤ ላባቸው ውሃ ስለሚያስገባ እያደረቁ ነው። ዛፍ ላይ የማገዶ ሸክም የሚያክል፣ ጣሪያ ያለው የጭራሮ ክምር ካያችሁ ደግሞ ሀመርኮፕ የሚባለው ወፍ ጎጆ ነው፣ መግቢያው በጎን በኩል ነው።

ስለ ስም አንድ ማሳሰቢያ። ይብራ፣ ዳክዬ፣ ሳቢሳ፣ እርኩም የሚባሉት ስሞች ከአገር አገር ይለያያሉ፤ አንዱ ይብራ ያለውን ሌላው ዳክዬ ይለዋል። «አሞራ» ደግሞ ለትልቅ ወፍ ሁሉ ይውላል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ስሙን ብቻ አትጻፉ። አምስት ነገር አስቀምጡ፦ መጠኑን ከሚታወቅ ወፍ ጋር አስተያይታችሁ (ከዋኖስ ያንሳል፣ ከቁራ ይበልጣል)፣ የምንቃሩን ቅርጽ፣ የእግሩን ቀለም፣ የት እንደነበረና ምን ሲሠራ እንደነበር። ይሄ ካለ ማታ መጽሐፍ ላይ ወይም ስልክ ላይ ማግኘት ይቻላል። «ቡናማ ወፍ» ብቻ ከተጻፈ ግን ማንም ሊያግዛችሁ አይችልም። ስልክ ላይ ሜርሊን የሚባለውን የወፍ መለያ መተግበሪያ ካወረዳችሁ ኢትዮጵያን የሚያካትተውን ክፍል እቤት ዋይፋይ ላይ ጫኑት። ከፎቶ የሚለየውን ተጠቀሙ፤ በድምፅ ብቻ የነገራችሁን ወፉን ሳታዩ አትመዝግቡ።

የጤና ነገር፦

ከልጅ ጋር ለምትሄዱት። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። አደጋው በእሱና በውሃው መሐል መቆም ነው፤ መንገዱ ሲዘጋበት ነው የሚያጠቃው። ስለዚህ ሳይነጋ ወደ ፊላው ጠርዝ አትውረዱ፤ በግድቡ ላይ ሁኑ። ፊላው ውስጥ ወደ ውሃ የወረደ ሰፊ፣ የተረገጠ ጎድጓዳ መንገድ ካያችሁ መተላለፊያው ነው፤ እዚያ አትቀመጡ። የሐይቁ ሰዎች «ትላንት ማታ የት ወጣ?» ሲባሉ ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው።

እግራችሁን ውሃው ውስጥ አታስገቡ። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው በትክክል ልጆች መንቦራጨቅ በሚወዱበት፣ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ጠርዝ ነው። እርጥብ ቦታ ካለ ቦቲ ጫማ አድርጉ። ለወባ ትንኝ ሲነጋጋና ሲመሽ ረጅም እጅጌና ካልሲ፣ የሚቀባ መከላከያም።

ጦጣዎቹ የሚከተሉት ፌስታል ነው። የፌስታል ድምፅ ከሰሙ ምግብ አለ ብለው ያምናሉ፤ ያስለመድናቸው እኛ ነን። ቁርሳችሁን ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ሙዝ በጭራሽ አትያዙ። አንዱ ቢጠጋ ዓይኑን አትመልከቱ፣ ጥርስ አታሳዩ፣ ባዶ መዳፋችሁን አሳዩና ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የያዘውን ነገር ለማስጣል አትታገሉ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቡና ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጉዳይ ነውና ለነገ አይባልም።

ጀልባ ከተሳፈራችሁ ጠዋት ይሁን፣ ለሦስታችሁም የመንሳፈፊያ ጃኬት እስኪመጣ ድረስ እግራችሁን አታንሱ። ባለ ጀልባውን ወደ ወፎቹ እንዳይገሰግስ፣ 30 ሜትር ሲቀር ሞተሩን እንዲያጠፋ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት። ወፍ ቀና ብሎ መብላት ካቆመ ቀርባችኋል ማለት ነው።

ሾላ ሥር፦

ስለ መረብ ክር ማንም ስላላነሳው። ሐይቁ ዳር የተጣለ የናይሎን ክር የወፍ እግር ይጠልፋል፤ እየጠበቀ ሄዶ እግሩን ይቆርጠዋል። ስትሄዱ ያገኛችሁትን ክር ሰብስቡና ወደ ቆሻሻ መጣያ ከመክተታችሁ በፊት በመቀስ በጣት ርዝመት ቆራርጡት፤ ሙሉውን ከጣላችሁት አባ ኮዳው ከቆሻሻው ጋር ያወጣዋል።

የተጠለፈ ወፍ ካያችሁ ክሩን አትጎትቱ። አንድ ሰው ነጠላ ወይም ፎጣ ራሱ ላይ ይጣልበት፤ ጨለማ ሲሆንበት ይረጋጋል። ረጅም ምንቃር ያለው ከሆነ መጀመሪያ ምንቃሩ ይያዝ፤ ዓይን ይወጋልና ፊታችሁን አርቁ። አፍንጫው ግን አይሸፈን። ሁለተኛው ሰው ክሩን ከሥጋው አጠገብ በትንሽ መቀስ ይቁረጥ። መንጠቆ ከተሰካ ወደኋላ አይሳብ፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ወደፊት ገፍቶ ጫፉን ማውጣት፣ ጥርሱን በፒንሳ ቆርጦ ከዚያ መሳብ ነው። አባ ኮዳ ከሆነ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ዓሣ አጥማጆቹን ጥሩ፣ አያያዙን ያውቁበታል።

ደብተረኛ፦

ቀናችሁን ስትቆርጡ ደግሞ ጥር 10 እና 11 ላይ እንዳይወድቅ፤ ጥምቀት ነው፣ ከተማው ይሞላል። እሑድም ሐይቁ ዳር ሰው ይበዛል። ማክሰኞና ረቡዕ ቢሆንላችሁ መልካም ነው። ልጅቷ ያየቻቸውን ዝርዝር ከነቁጥሩ እዚህ ብትጽፍልን ያልለየቻቸውን አብረን እንፈልግላታለን።